የወንድሟ አንገት

ዶክተር ሌኖራ ብራንድቮልድ ፈሪ ሴት ናት። ይህን ስል ከተማችን ውስጥ የሚስቅብኝ ብዙ ነው። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን አሳማ አርቢ በሆዱ አስተኝታ፣ በሁለት መዳፏ ወገቡን ጫን ስታደርገው የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው «ይቺ ሴት ደግሞ ምን ትፈራለች?» ይላል። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስልኳን አንስቻለሁ፣ ቀጠሮዋን ጽፌያለሁ። አንዳንዱ ታካሚ ከወጣ በኋላ እጇን ሙቅ ውሃ ስር ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆማ አያታለሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «አንገት ነበር» ትለኛለች። ሌላ አትጨምርም።

ወገብ አትፈራም። «ወገብ ያሰቃያል እንጂ አይገድልም» ትላለች። አንገት ግን በግራና በቀኙ ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ስሮች አሉት። ከነዚያ አንዱ ቀድሞውኑ ውስጡ ተቀዶ ከሆነ፣ የሷ አንዲት ፈጣን ግፊት ሰውየውን አልጋ ላይ ልታስቀረው ትችላለች። እንዲህ ያለው ነገር ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው። እሷ ግን «ስንት አንገት ነክቻለሁ መሰለሽ አርሊስ? ያ ከስንት አንዱ የሆነ ቀን ተራው ይደርሰዋል» ትለኝ ነበር። እኔ እስቅባት ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልቤ ግን አልሰማውም።

ሥራው ከአያቷ የወረደ ነው። ካይሮፕራክተር ይባላሉ፤ መድኃኒት አያዙም፣ ቀዶ ጥገና አያደርጉም፣ በእጃቸው ብቻ አከርካሪ ያስተካክላሉ። ሙያው ራሱ የተወለደው እዚሁ በግዛታችን በአዮዋ ነው፤ ስለዚህ እኛ ጋ ካይሮፕራክተር ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ሐኪሞቹ ግን «ወጌሻ» ነበር የሚሏቸው፣ ያውም ጨዋ የሆኑት። አያቷ ያለ ፈቃድ አከምክ ተብሎ ሦስት ጊዜ ታስሯል። አባቷ ደግሞ የሆስፒታል ደጃፍ ላልረግጥ ብሎ ምሎ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቤቱ ሞተ። ሌኖራ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሆስፒታል የምትሸሸው አለምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ይቺው ሴት ናት ሆስፒታል ተቀጠረች የምላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ራሱ ደጃችን መጣ። ወገቤን ብሎ የሄደውን ሁሉ ማስታገሻ ክኒን እየሰጡ ሲሸኙት ኖረው፣ ክኒኑ ሱስ ሆኖ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አራት ሰው ቀበርን። ዘግይተውም ቢሆን ነቁ። ሥራ አስኪያጇ የጀርባ ክሊኒክ ይከፈት፣ ሌኖራም ትግባበት አለች። ምድር ቤት፣ ከራጅ ክፍሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተሰጠን። እኔም ከመዝገቡና ከጠረጴዛው ጋር አብሬ ተጫንኩ።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኪትልሰን የሚባል፣ ቀጭን፣ ሳቅ የተጣላው ጎልማሳ ነው። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ፊት ለፊት ነገራት።

«ዶክተር ብራንድቮልድ፣ አይቀየሙኝ። እኔ በሥራ ዘመኔ አንገታቸውን አስነክተው በስትሮክ የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀብያለሁ። አንዷ የሠላሳ አራት ዓመት እናት ነበረች። ሦስተኛውን ከዚሁ ከምድር ቤታችን መቀበል አልፈልግም።»

ሁላችንም ጦር ትመዛለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን «እኔም አልፈልግም» አለችው። መኪና ውስጥ ስንገባ እኔ እየተቃጠልኩ «ምናለ አንድ ነገር ብትመልሽለት! ልጅሽን እኮ ነው የሚያክለው!» አልኳት።

«ልክ ነው እኮ አርሊስ» አለችኝ። «ችግሩ ልክ መሆኑ ነው።»

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታስመልስ ከውጭ ሆኜ ሰማኋት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣችና «ማን ነው የመጀመሪያው?» አለችኝ።

ኪትልሰን ስብሰባው ላይ ከተሸነፈ በኋላ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው ወረቀት አዘጋጀ። ታካሚው ወረቀቱን ሞልቶ፣ እሷም አንብባ ሳትፈርምበት ማንም አንገት አይነካም። ከዚህ በፊት የማያውቁት ዓይነት ራስ ምታት አለ? የዓይን ቆብ መውረድ፣ ሁለት ሁለት ማየት አለ? እጅ ወይም ፊት ይደነዝዛል? እያለ ይቀጥላል። በግራ በኩል «አዎ»፣ በቀኝ በኩል «የለም»። እኔ ወረቀቱ ሊያዋርደን የመጣ መስሎኝ ነበር። ሌኖራ ግን እንደ ስጦታ ነው የተቀበለችው። «ይሄ ልጅ ሳያውቀው እንቅልፌን መለሰልኝ» አለች።

የኛ ሰው ግን ወረቀት አይወድም፤ በመከር ጊዜማ ጭራሽ። ጥቅምት ሲገባ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይዞ ይመጣል። ኮምባይነሩ አጭዶ የወቃውን እህል በግራ በኩል ወደ ተጎታቹ ያፈሳል። ገበሬው ታዲያ አንድ ፍሬ እንዳይፈስበት አንገቱን ወደ ግራ ጠምዝዞ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ይውላል። በሦስተኛው ሳምንት አንገቱ ይቆለፋል። ጭቃ ጫማውን እንዳደረገ ይመጣል፣ ይተኛል፣ አንገቱ ቀጭ እስኪል ይስተካከላል፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ወደ ማሳው ይመለሳል። የሌኖራ አባት የተወው ሕግ ነበር፤ «በመከር ገበሬን አታስወራው። አስተኛው፣ አስተካክለው፣ ልቀቀው።» ከተማው በዚህ ሕግ ነው ያደገው። ሌላም ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ለሐኪም ካይሮፕራክተር ጋ እንደሄድክ አትነግርም፣ ለካይሮፕራክተር ደግሞ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር አትነግርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ጋ ግን መደበቅ እንደ ወንድነት ነው የሚታየው።

አሁን የራሴን ልናገር። የመጀመሪያውን ጥቅምት ዐሥራ ሁለቱንም ጥያቄ ለእያንዳንዱ ገበሬ አነበብኩ። «ሚስቴም ይህን ያህል አትጠይቀኝ» እያሉ ተሳለቁብኝ። መልሳቸው ሁልጊዜ «የለም፣ የለም፣ የለም» ነበር። በሁለተኛው ጥቅምት ግማሹን ብቻ ጠየቅኩ። በሦስተኛው፣ ለማውቃቸው ሰዎች፣ በ«የለም» ሥር ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር መሳብ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሌኖራ መስመሩን አየችና «ጠይቀሻቸዋል አይደል?» አለችኝ።

«ጠይቄያለሁ» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቨርሊን የመጣው በዚያው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሌኖራ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ያመርታል፣ ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ ካልሆነ በቀር አያወራም። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ ገባ።

«አርሊስ! አሁንም አለሽ? እኔማ ጡረታ ያወጡሽ መስሎኝ ነበር።»

«አንተን ቀብሬ ነው ጡረታ የምወጣው» አልኩት።

ሳቀ። ያችን ቀልድ ዛሬ ሳስባት ምላሴን ልቆርጠው እፈልጋለሁ።

«ቶሎ በይ እስቲ። ከሰዓት ዝናብ አለ፣ መቶ ኤከር አኩሪ አተር ደርሶ ቆሟል። ወረቀቷን እንደ ልማድሽ አድርጊያት።»

እንደ ልማዴ አደረግኳት። መስመሩን ለመሳብ ብዕር ከማንሳት የበለጠ ጊዜ አልፈጀብኝም። ቀና ብዬ ፊቱን እንኳ አላየሁትም። ሌኖራ ወረቀቷን ተቀብላ አነበበች፣ ፈረመች፣ ገባች።

ጥቂት ቆይቼ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈውን ጥቅል ወረቀት ይዤ ተከተልኩ። ቨርሊን በጀርባው ተኝቷል። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶታል። «መብራታችሁ ዓይን ያወጣል» ይላል ከኮፍያው ሥር። ሌኖራ ከራስጌው ተቀምጣ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ አቅፋለች። ቀስ እያለች ወደ ግራ አዞረችው፣ አጥንቱ በቃኝ እስኪል ድረስ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያች ግፊት ናት፤ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከፈት ታልቃለች። ከግፊቱ በፊት ትንፋሿን እንደምታወጣ አውቃለሁ። ትንፋሿን ማውጣት ስትጀምር ሰማሁ።

ኮፍያው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የቀኝ ዓይኑ ቆብ ገመዱ እንደ ተበጠሰ መጋረጃ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ብሌኑ ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥም፤ የግራው ግን ትልቅ ነው። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ የሌኖራን ፊት ሳይ ግን ክው አልኩ። ከፊቷ ላይ ደም የሚባል ነገር ጠፋ። እጆቿ ግን ንቅንቅ አላሉም። ትንፋሿን በግማሹ ያዘችው፣ ጭንቅላቱንም እንደ እንቁላል ይዛ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ጨረስሽ?» አለ ቨርሊን። «ድምፁን አልሰማሁትም እኮ።»

«ዓይንህ ምን ሆኗል?»

«አቧራ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ደግሞ! ከመቼ ወዲህ ነው የዓይን ሐኪም የሆንሽው? አስተካክዪኝና ልሂድ፣ ዝናቡ ሊያገኘኝ ነው።»

«እጆቼን ጨብጥ። በሁለቱም እጅህ። በኃይል።»

ቀኙ ጨበጠ። ግራው መዳፏ ላይ ዝርግት ብሎ ቀረ። ቨርሊን የራሱን እጅ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ትኩር ብሎ አየው። «ይሄ ደግሞ ምን...» ብሎ ጀመረና ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ያወጣውን ድምፅ እኔም እሷም አልተረዳነውም። ዓይኖቹ ግን ይናገሩ ነበር። አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ዓይን ውስጥ ፍርሃት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌኖራ ስልኩን አነሣች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «የጀርባ ክሊኒክ ነው። የስድሳ አንድ ዓመት ወንድ። ስትሮክ ነው፤ የአንገት ደም ስር የተቀደደ ይመስለኛል።» አዳመጠች። «አዎ» አለች፤ «የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ኪትልሰን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ከነርሶቹ ጋር ደረሰ። ቨርሊንን አየ፣ ዓይኑ ላይ ባትሪ አበራ፣ ግራ እጁን አንሥቶ ለቀቀው። እጁ ወደቀ። ከዚያ ቀና አለ።

«ነክተውታል?»

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እሷ፣ እኔና መናገር ያቃተው ወንድሟ ብቻ ነን። በልቤ «አልነካሁትም በይ» ብዬ ጸለይኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጸለይኩ።

«ነክቻለሁ» አለች። «ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሬዋለሁ። አልገፋሁም።»

ይጮህባታል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ወረቀቱን» አለ። ሰጠሁት። ዐሥራ ሁለቱን ጥያቄ በዓይኑ ወረዳቸው።

«ራስ ምታት የለም። ዓይን የለም። መደንዘዝ የለም። ስለዚህ ሲገባ ጤነኛ ነበር፣ የጀመረው እዚህ ነው።» ሰዓቱን አየ። «አራት ሰዓት ከሃያ። ወደ ሲቲ ስካን ውሰዱት። አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ከሌለ የረጋ ደም ማሟሟቻውን እንሰጠዋለን። ጊዜ አለን፤ መድኃኒቱን አዘጋጁ።»

«ዓይኑ ቀደም ብሎ የጀመረ ቢሆንስ?» አለች ሌኖራ።

«ወረቀቱ የለም ይላል። የርስዎ ፊርማ ነው ያለበት።»

ገፍተውት ሄዱ። እኛ ከስካኑ ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ሌኖራ እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ የሆነ ሰው እንዳይነጥቃት ወይም እንዳያያቸው የፈራች ትመስላለች።

«ገደልኩት አርሊስ።»

«አልገፋሽውም እኮ። አይቻለሁ።»

«አዙሬዋለሁ።»

ዓይኔን ከሷ መለስኩ። ከፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ስለ ስትሮክ የሚናገር ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሦስት ዓመት በሙሉ በፊቱ ሳልፍ ኖሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደ ጀመረ ማወቅ ግድ ነው። ኪትልሰን መቼ እንደ ጀመረ ያወቀው ደግሞ ከኔ መስመር ነው።

ዐወቅሁት። ወዲያው ነው ያወቅሁት፣ አላወቅኩም ብዬ አልዋሽም። ግን ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ እሱስ ይሁን። ሌኖራን ይዣት እወድቃለሁ፤ ያልተጠየቀ ሰው አንገት ጠመዘዘች ይባላል። ምናልባት ደግሞ ዓይኑ እውነትም አሁን የወረደ ይሆናል፤ ምናልባት ሰይጣን ነው የሚያስጨንቀኝ እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አንዲት ነርስ መድኃኒቱን የያዘ ትንሽ ብልቃጥ በመዳፏ እያሸች፣ እንዳይናጥ እየተጠነቀቀች በፊቴ አለፈች።

የስካኑ ክፍል በር ተከፈተ። «የፈሰሰ ደም የለም» አለ ኪትልሰን። «ስጡት።»

«ዶክተር» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ወረቀቱ ውሸት ነው።»

«ምን ማለት ነው ውሸት?»

«መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። አልጠየቅኩትም። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱንም አልጠየቅኩትም።»

የነርሷ እጅ ባለበት ቆመ። ወደ ሌኖራ አላየሁም፤ ለማየት አቅም አልነበረኝም። ኪትልሰን አንድ እርምጃ ቀረበኝ።

«ማነው የሚያውቅ?»

«ትዋይላ። ሚስቱ።»

«ደውዪላት» አለኝ። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል።

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ትዋይላ ማሳው ላይ ተጎታቹን እየነዳች ነው፤ በትራክተሩ ጩኸት ስልክ አይሰማም። ደግሜ ደወልኩ። ከክፍሉ ውስጥ ቨርሊን እንደ ሕፃን የሚያጉረመርመው ይሰማኛል። ኪትልሰን ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው አነሣች።

«አርሊስ? ጨረሰ እንዴ? በይ ቶሎ ላኪልኝ፣ ሰማዩ ጠቁሯል።»

«ትዋይላ፣ የቨርሊን ዓይን ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከቅዳሜ ነዋ። ንገራት ብዬው ነበር እኮ! አልነገራትም?»

«እጁስ? ግራ እጁ?»

«ትናንት እራት ላይ ሹካ ሁለት ጊዜ ጣለ። ደክሞኝ ነው አለ።» ትራክተሩን ስታጠፋው ሰማሁ። «አርሊስ፣ ምን ሆኗል? ባሌ ምን ሆኗል?»

ኪትልሰን ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ስንት ሰዓት ላይ እንደ ነበር፣ ጠዋት ሲነሣ እጁ እንዴት እንደ ነበር ጠየቃት። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ «መልሺው» አላት። ብልቃጡ ተመለሰ። «ሄሊኮፕተር ይጠራ። ደም ማቅጠኛ ጀምሩለት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይሄዳል።» በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። «ያንን ብሰጠው ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

ቨርሊን ተረፈ። ንግግሩ ተመለሰ፣ ግራ እጁ ግን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚዘረጋው።

በሳምንቱ ተሰበሰቡና እኔን አሰናበቱኝ። ሥራ አስኪያጇ «ዶክተር ብራንድቮልድ፣ ስለ አርሊስ የሚሉት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌኖራ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረች «የለኝም» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት! ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ቤቴ ሄጄ ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ ሰደብኳትም። በሦስተኛው ቀን መሳደቡን ተውኩት፤ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ክሊኒኩን ስድስት ሳምንት ዘጉት። እንደገና ይከፈት ብሎ የተከራከረው ማን እንደሆነ ስሰማ አላመንኩም፤ ኪትልሰን ነው። «ነክተውታል ስላት ነክቻለሁ ያለችኝ ሴት ናት» አለ አሉ።

ለሷ ግን እንዲህ ብሏታል፤ «ስካኑ ላይ እንደሚታየው የደም ስሩ ስንጥቅ የቀናት ዕድሜ አለው። እርስዎ ሲያዞሩት ከውስጡ የረጋ ደም ነቅሎ ይሁን አይሁን ግን ማንም ሊነግርዎት አይችልም።» ይቺን ይዛ ነው የኖረችው።

ኅዳር ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኬ ጮኸ። ሌኖራ ናት። ከተባረርኩ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም ነበር።

«ቨርሊን ቤቱ ገብቷል። ብቻዬን መግባት ፈራሁ» አለችኝ። «ትመጪያለሽ?»

ሄድኩ። ትዋይላ የዶሮና የኑድል መጥበሻ ከምድጃ አውጥታ ተቀበለችን። አኩሪ አተሩን ጎረቤቶቹ ሰባት ኮምባይነር አሰልፈው በአንድ ቀን አንሥተውለታል። ቨርሊን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ግራ እጁን ፎጣ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ከስቷል። ሌኖራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስታጠና ነበር መሰለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ አወጣችው።

«ቨርሊን፣ እኔ ልሆን እችላለሁ። እጅህን እንዲህ ያደረግሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። አላውቅም። መቼም አላውቅም።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

ቨርሊን ወደ መስኮቱ አየ። «አንቺ ጋ ከመምጣቴ በፊት፣ ሐሙስ ነው። ተጎታቹን ዞሬ ሳይ፣ አንገቴ ላይ እዚህ ጋ ትኩስ ሽቦ የተበጠሰ መሰለኝ። ኮምባይነሩን አቁሜ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

እኔ እፎይ ልል ነበር። እሷም እፎይ ትላለች ብዬ አየኋት። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ብነግርሽ አትነኪኝም ነበራ። ወደዚያ ቀጭን ሐኪም ትልኪኛለሽ፣ እነሱ ያስተኙኛል፣ አኩሪ አተሩ ደግሞ ቆሟል። አንቺ ቀጭ ብታደርጊው የሚለቀኝ መሰለኝ።»

«እያወቅህ ነው እጄ ሥር የተኛኸው?»

«ሌኖራ...»

ተነሣች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። «አንዲት ትንፋሽ ነበር የቀረችኝ! ትንፋሼን ጀምሬ ነበር፣ ቨርሊን! ገድዬህ፣ እኔ ገደልኩት እያልኩ እኖር ነበር፤ አንተ እያወቅህ!» እየጮኸች ታለቅስ ነበር። እሷ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ትዋይላ ሳህን እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ቨርሊን አንገቱን ደፋ። ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ስለማምንሽ ነው እኮ።»

ሌኖራ ዞራ መጥታ አጠገቡ በርከክ አለች። ያን ግማሽ የሚዘረጋ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ፊት ሲንቀጠቀጡ አይቻቸው የማላውቃቸው እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አትመነኝ» አለችው። «ንገረኝ።»